ጆሮ ጠቢ የተባለችው የይሻው ልጅ

ደብረ ታቦር ላይ ልብስ አሰፍቶ የሚያውቅ ሰው አቶ ይሻውን አያጣቸውም። ከገበያው በላይ፣ የጨርቅ ሱቆች በተደረደሩበት መንገድ፣ እትዬ ሐሊማ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉ ሸበቶ ሰው ናቸው። ጨርቁ ከሐሊማ ይገዛል፤ አቶ ይሻው ዘንድ ይሰፋል። አንዷ እስላም፣ አንዱ ክርስቲያን ሆነው በዚያች በረንዳ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ክፉም ደግም አብረው አሳልፈዋል።

አቶ ይሻው መኪናቸውን የሚረግጡት በቀኝ እግራቸው ብቻ ነው። ግራ እግራቸው በቀይ ሽብር ዘመን ወፌ ላላ ተሰቅለው ውስጥ እግራቸውን ከተገረፉ ወዲህ ጠማማ ሆኖ ቀርቷል። ያን ጊዜ ገና ሥራ የጀመሩ ወጣት ነበሩ። በየቀኑ እየመጣ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያወጋ፣ ቆሎውን የሚያካፍል፣ ቀልድ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ያ ሰው ጆሮ ጠቢ ኖሯል። «ይሻው ለፀረ አብዮተኞች ባንዲራ ሲሰፋ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ጠቆመባቸው። እሳቸው የሰፉት የጽዋ ማኅበር ድንኳን ነበር። ማን ይስማቸው? ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲፈቱ እጮኛቸው ለሌላ ተድራ፣ እናታቸውም አፈር ለብሰው ነበር።

ዘመን መጣ፣ ዘመን ሄደ። አቶ ይሻው ዘግይተው ወይዘሮ ማሬን አገቡ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ዓይናለም አሏት። በዚያ ቤት ሬዲዮ እንኳ ሲከፈት ድምፁ ዝቅ ይል ነበር። እንግዳ ሲመጣ ወሬው ስለ ዝናብ፣ ስለ ድንችና ስለ ገብስ ብቻ ነው። ልጅቱ አንድ ቀን ትምህርት ቤት የሰማችውን የባለሥልጣን ቀልድ እራት ላይ ብታነሳ አባቷ ጉርሻቸውን ትሪው ላይ መልሰው አስቀምጠው ከማዕዱ ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ቀልድ አላመጣችም።

ዓይናለም ጎንደር ሄዳ ስታትስቲክስ ተማረች። ተመልሳም የዞኑን የሰብል መረጃ በማጠናቀር ጥቂት ዓመት ሠራች። ከዚያ አገሩ ሁሉ ለውጥ፣ ለውጥ በሚልበት ወቅት፣ የመረጃና ደህንነት ሥራ አዳዲስ ባለሙያ እንደሚፈልግ በግልጽ ማስታወቂያ ወጣ። ለማንም ሳትነግር ተፈተነች። ማለፏን ስትሰማ ግን አባቷን ሳትነግር መሄድ አልሆነላትም። በረንዳው ላይ ሄዳ ጎናቸው ቆመች።

«አባባ፣ ፈተናውን አልፌያለሁ።»

«የምን ፈተና?»

ነገረቻቸው። አቶ ይሻው እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሡ።

«የኔን ወጣትነት የበላው ጆሮ ጠቢ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ከኔ ቤት ደግሞ ጆሮ ጠቢ አይወጣም።»

«የጎረቤት ወሬ ልለቅም አይደለም የምሄደው። አገር ላይ የሚመጣውን አደጋ ቀድሞ ለማወቅ ነው።»

«ሁሉም ሲገባ እንዲህ ይላል።»

«አባባ፣ እንደርስዎ የተገረፈ ሰው ልጅ ካልገባች ማን ይግባ? የገራፊው ልጅ?»

አቶ ይሻው ጎንበስ ብለው መኪናቸውን መርገጥ ቀጠሉ። ዓይናለም ጥቂት ጠብቃ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለስድስት ዓመት ያህል አባትና ልጅ ቃል አልተለዋወጡም። እሷ የምትደውለው ለእናቷ ነው። ወይዘሮ ማሬ ስልኩን ይዘው «ደህና ናት» ይላሉ ጮክ ብለው፤ አቶ ይሻው እንዳልሰማ ሰው ክር በመርፌ ያስገባሉ።

አዲስ አበባ የጠበቃት ሥራ አባቷ የሚፈሩት ዓይነት አልነበረም። ከብዙ ወጣቶች ጋር በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ከኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ነበር ሥራዋ። ክፍሏ ሰው የሚያዘዋውሩ መረቦችን ይከታተላል። ደላሎች በቴሌግራም የሚለጥፉትን የሥራ ማስታወቂያ ታነባለች፤ ልጆቹ በየት በኩል እንደሚወጡና የት ሲደርሱ ድምፃቸው እንደሚጠፋ ታገናኛለች። ካሠለጠኗት መምህራን አንዷ፣ «የአገር ጠላት ድሮ በድንበር በኩል በታንክ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ በልጆቻችን ኪስ ባለው ስልክ ይገባል» ብላቸው ነበር። ዓይናለም ይህን ቃል ያመነችው በመምህሯ አነጋገር ሳይሆን በየቀኑ በምታየው ነው።

ይሁንና ሁሉም ተለውጧል ማለት አይደለም። የክፍሉ ኃላፊ አቶ አዳነ ሥራውን የተማሩት በሌላ ዘመን ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ተጠርጣሪ ነው ብለው ያምናሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ፋይል ሲከፈት የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ማንን እንያዝ?» ነው። ዓይናለም ደግሞ «ማንን እናድን?» ትላለች። በዚህ ብዙ ጊዜ ተጋጭተዋል።

የእትዬ ሐሊማ ልጅ ፈይሰል ስልክ ጠጋኝ ነበር። ከእናቱ ሱቅ ጥግ ትንሽ ጠረጴዛ ይዞ የከተማውን ስልክ ሁሉ ይፈታል፣ ይገጥማል። በኅዳር ወር ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ አገኘሁ ብሎ ተነሣ። ማስታወቂያውን ያየው ስልኩ ላይ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ያደረገለት ሰው ከረባት ያሰረ፣ አማርኛው የጠራ ነበር። ሐሊማ ዱዓ አድርጋ፣ አቶ ይሻውም አዲስ ሱሪ ሰፍተው ሸኙት።

ከሄደ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ድምፁ ጠፋ። በጥር አንድ ቀን ጠዋት፣ ገና ሱቁ ሲከፈት፣ በምስል ደወለ። ፈገግ ብሏል፤ ጉንጩ ግን ጎድጉዷል።

«እማ፣ በጣም ተመችቶኛል» አለ። «አንቺም አትጨነቂ። ኑሮዬ ልክ እብናት እንደነበርኩት ጊዜ ነው። ጓደኞቼም ሥራ ከፈለጉ ይምጡ።»

ስልኩ ተቋረጠ። ሐሊማ በቁሟ ደርቃ ቀረች።

«ምነው? ደህና ነኝ አላለም እንዴ?» አሉ አቶ ይሻው።

«አያ ይሻው፣ እብናት ምን እንደሆነ ረሱት? ልጅ ሳለ ካጎቱ ጋር ፍየል ሊገዙ ሄደው፣ ሰርቀሃል ብለው ጎተራ ውስጥ ቆልፈውበት አልነበረም? በረሃብና በጨለማ ከርሞ ያወጣነው? እስካሁን እብናት ሲባል ፊቱ ይጠቁራል።» የሱቋን በር ተደገፈች። «ልጄ ተቆልፎበታል እያለኝ ነው።»

 ሐሊማ ወደ እሳቸው ዞራ፣ ለዓመታት በዚያች በረንዳ ላይ ያልተነሣውን ስም አነሣች።

«ዓይናለምን ይጥሩልኝ። እግርዎ ሥር እወድቃለሁ።»

«እሷን እኔ...»

«አውቃለሁ። ምን እንዳደረጉብዎት አውቃለሁ። ግን የኔ ልጅ ያለበትን ማን ነው የሚያውቅልኝ? ለቀበሌ ነገርኩ፣ ለፖሊስ ነገርኩ፤ ሁሉም አላህ ያውቃል ይሉኛል።»

አቶ ይሻው ተነሥተው እያነከሱ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄዱ፤ ተመለሱ። እንደገና ሄዱ፤ ተመለሱ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ስልኩን ስጪኝ።»

ዓይናለም የማታውቀው ቁጥር ሲጠራ አነሣች።

«ይሻው ነኝ» አለ ድምፁ፤ ልክ ባዕድ ለባዕድ ራሱን እንደሚያስተዋውቅ።

«አባባ?»

«አዎ። ለራሴ አይደለም የደወልኩት። ለፈይሰል ነው።»

የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ዓይናለም እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ሰማች፤ ከዚያ ድምፅዋን አጠንክራ ጠየቀች። ሲደውል ከጀርባው ምን ይታይ ነበር? ምስሉ ተቀድቶ ይሆን? ሐሊማ የልጇ ፊት እንዳይጠፋባት ቀድታው ነበር። ላከችላት። ከፈይሰል ትከሻ በላይ ባለው መስኮት ሰፊ ቡናማ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ ቀይና ነጭ የተቀባ የስልክ ምሰሶ ይታያል።

ዓይናለም እንዲህ ያለውን ወንዝ ታውቀዋለች። ከታይላንድ ድንበር ማዶ በታጠሩ ግቢዎች ውስጥ ከብዙ አገር የተወሰዱ ወጣቶች ተቆልፎባቸው፣ በሐሰተኛ ስምና ፎቶ የሰው ገንዘብ እንዲያጭበረብሩ ይገደዳሉ። እምቢ ያለ ይደበደባል። ችግሩ ግቢዎቹ ብዙ መሆናቸው ነው። የትኛው ግቢ፣ የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ካልታወቀ ኤምባሲውም ሆነ የዚያ አገር ፖሊስ ምንም ሊያደርግ አይችልም።

«አባባ፣ አንድ መስኮት አይበቃኝም» አለቻቸው። «ከኛ አገር ሌሎችም ልጆች ሄደዋል። እናቶቻቸው የተላከላቸውን ምስል ቢሰጡኝ ቦታውን እደርስበታለሁ። ግን እኛ ስንሄድ ቤታቸውን ይዘጉብናል።»

«መዝጋታቸው ነው ወጉ» አሉ አቶ ይሻው።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለች ዓይናለም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ እንደገና። «እናቶቹ አምነው ቢናገሩ፣ ልጆቹ ሲመለሱ አጭበርባሪ ናችሁ ተብለው አይታሰሩም?»

«አይታሰሩም።»

«ማን ይሙት?»

«አባቴ ይሙት» አለች ዓይናለም።

አቶ ይሻው በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲያስ እኛ እንሄዳለን» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ልብስ ሰፊውና ጨርቅ ነጋዴዋ ሱቃቸውን ዘግተው ወጡ። መንገድ በተከፈተበት ቀን በሚኒባስ፣ ባልተከፈተበት በእግር እየሄዱ ጠየቁ። አንበሳሜ ገበያ ላይ አንድ አባት አገኙ፤ ልጁ ከፈይሰል ጋር በአንድ አውሮፕላን የሄደ ነው። ሐሊማ ከዚያ ሰው ጋር የጨርቅ ዋጋ እየተከራከረች ጀምራ፣ ስለ ልጆች እያወራች ጨረሰች። አባትየው ስልኩን አውጥቶ ሰጣት። እብናትም ሌላ ቤተሰብ ተገኘ። ጉና ላይ ግን ነገሩ ከበደ።

ጉና ተዳፋት ላይ፣ ከመኪና መንገድ ርቆ፣ ፈንታነሽ የምትባል መበለት ትኖራለች። ልጇ ፍቅርተ ለሥራ ብላ ወጥታ ቀርታለች። አቶ ይሻው በተከራዩት በቅሎ፣ ሐሊማ በእግሯ፣ ጉሙን እየገመሱ ደረሱ። ፈንታነሽ ድንች ስትቆፍር አገኟት፤ እጇ አፈር ለብሷል።

«ማን ልኳችሁ ነው?» አለች ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

አቶ ይሻው አልደበቁም። «ልጄ ናት የላከችን። የመንግሥት የመረጃ ሠራተኛ ናት።»

የፈንታነሽ ፊት ተለወጠ። «እኔ ልጅ የለኝም። የጠፋብኝም የለ። ይሂዱልኝ።»

ሐሊማ ልትናገር ስትል አቶ ይሻው በእጃቸው ከለከሏት። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የግራ ጫማቸውን ፈቱ፤ ካልሲያቸውንም አወለቁ። በዚያ ብርድ የተጣመመው እግር፣ ጣቶቹ እርስ በርስ የተቆላለፉት፣ ባደባባይ ተገለጠ። ሐሊማ እንኳ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አይታው አታውቅም።

«ይህን ያመጣብኝ ጆሮ ጠቢ ነው» አሉ። «ልጄ እዚያ ገባች ብዬ ስድስት ዓመት ድምፄን ነፍጌያታለሁ። በዚህ ተራራ ላይ እኔን ያህል የሚፈራቸው ሰው የለም። ይኸው ግን መጥቻለሁ። ካታለሉን መጀመሪያ የምታለለው እኔ ነኝ።»

ፈንታነሽ እግሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ኧረ ይሸፍኑት፣ ብርድ ይመታዎታል» አለች በመጨረሻ። ወደ ቤት ገብታ በመቀነቷ ጠቅልላ ያስቀመጠችውን ስልክ ይዛ ወጣች።

የፍቅርተ ምስል የተነሣው ከሌላ ሕንፃ ነው። ምሰሶው በሷ ፎቶ በግራ ሳይሆን በቀኝ በኩል ይታያል፤ ሥሩም አንድ ሰማያዊ የውኃ ታንከር አለ። የአንበሳሜው ልጅ ደግሞ የወንዙን መታጠፊያ ከላይ አንሥቶታል። ዓይናለምና ጓደኞቿ ምስሎቹን ጎን ለጎን አድርገው፣ በሳተላይት ካርታ ላይ ወንዙን ተከትለው ወጡ። መታጠፊያው ተገኘ። ታንከሩ ተገኘ። ሁለቱ ሕንፃዎች፣ በመካከላቸውም አጥሩ ተገኘ። ዓይናለም ከወንበሯ ብድግ ብላ «ይኸውላችሁ!» ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

መረጃው ለውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ለኤምባሲው፣ ከዚያም ለዚያ አገር ፖሊስ ተላለፈ። ድሮ ቢሆን መረጃ ማለት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ ነገር ነበር። አሁን ግን ካልተካፈሉት ዋጋ የለውም፤ ግቢው ውስጥ የሌላ አገር ልጆችም ስላሉ የሌሎች አገሮች መረጃ ቤቶችም በበኩላቸው የያዙትን አዋጡ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ያን ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው ነበር። በበረንዳዋ ላይ ሁለቱም ጾመኞች ናቸው። ሐሊማ ስታፈጥር አቶ ይሻው ሽሮአቸውን ይዘው አብረዋት ይቀመጣሉ፤ ስልኩ መካከላቸው ላይ ነው።

በመጋቢት አጋማሽ ስልኩ ጮኸ። የመጀመሪያው ሕንፃ በር ተከፍቷል። ልጆቹ ወንዙን በጀልባ ተሻግረዋል።

ሐሊማ ጮኸች፤ ቀጥሎ እልል አለች። የሰፈሩ ሱቅ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ዓይናለም ልጆቹን ለመቀበል ከተላኩት አንዷ ነበረች። በድንበሩ ከተማ፣ ከየአገሩ የወጡ ወጣቶች የተሰበሰቡበት ትልቅ መጋዘን ውስጥ ገብታ ባገሯ ቅላጼ ተጣራች።

«ከጎንደር የመጣችሁ! የደብረ ታቦር ልጅ!»

ከግድግዳው ሥር አንድ ቀጭን ሰው ብድግ አለ። ያ አቶ ይሻው የሰፉት ሱሪ ወገቡ ላይ በገመድ ታስሯል።

«ዓይናለም? የአያ ይሻው ዓይናለም?»

አቅፋው አለቀሰች። ፈይሰል ግን ወዲያው ራሱን ከእቅፏ አወጣና ዓይኗን አየት አድርጎ ጠየቀ። «እናንተ ልታስሩን ነው የመጣችሁት?»

«ወደ እናትህ ልወስድህ ነው የመጣሁት» አለችው።

ያን ቃል መጠበቅ እንዳሰበችው ቀላል አልሆነም። አዲስ አበባ ሲያርፉ አቶ አዳነ ቆመው ጠበቋቸው። ልጆቹ ሁሉ ስልካቸውን አስረክበው፣ በአንድ ግቢ ታጥረው እንዲጣሩ አዘዋል።

«ሰው ያጭበረበሩ ናቸው» አሉ። «ማን ወዶ፣ ማን ተገዶ እንደሠራ እስክናውቅ አይለቀቁም።»

«አቶ አዳነ፣ የዱላ ጠባሳ በጀርባቸው ላይ አለ። ልብሳቸውን ገልጠው ይዩ።»

«ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

«እነዚህ ልጆች ደላላውን በፊቱም በድምፁም ያውቁታል» አለች ዓይናለም። «ካጠርናቸው አፋቸውን ይዘጋሉ። የቀሩት ልጆች እናቶችም ሁለተኛ ለኛ ቃል አይተነፍሱም። ሁለተኛው ሕንፃ ገና አልተከፈተም እኮ። እዚህ ያሉ ዘመዶቻቸው ጋ ይደሩ፤ ሐኪም ይያቸው፤ ከዚያ እንደ ምስክር ይጠየቁ።»

«ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

«እኔ። አባቴ ይሙት ብያለሁ፤ ለዚያውም ለራሱ ለአባቴ። እሱ የናንተ እስረኛ የነበረ ሰው ነው፤ ቃሌን ይዞ ጉና ድረስ ወጥቷል። ካሰራችኋቸው እኔም ነገ መታወቂያዬን አስረክባለሁ።»

አቶ አዳነ ወጣቶቹን ተመለከቱ። አንዱ ልጅ ቆሞ መጠበቅ አቅቶት ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ሌላዋ ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች። አቶ አዳነ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ሐኪም ጥሩ» አሉ። «እንደ ምስክር መዝግቧቸው።»

በማግስቱ ልጆቹ ሳይገደዱ ተናገሩ። ፈይሰል ከረባት ያሰረውን ሰው ድምፅ በአዲስ ማስታወቂያ ላይ ሰምቶ «ይሄ ነው! ስሙን ለውጧል እንጂ ሰውየው ይሄ ነው!» አለ። ዓይናለምና ጓደኞቿ ማስታወቂያውን ተከትለው ምንጩ ላይ ደረሱ፤ ቀጣዮቹ መንገደኞች የሚበሩበት ቀን ታወቀ። ፖሊስ ሰውየውን የያዘው በአውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ አዲስ ተመልማዮችን አሰልፎ እየሸኘ «ደርሳችሁ ደውሉልኝ» ሲል ነው። ከተሰለፉት አንዷ፣ አዲስ ጫማ ያደረገች የባሕር ዳር ልጅ፣ ነገሩ ሲገባት ወለሉ ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች። ከዚያ ተነሥታ ከፖሊሶቹ ጋር የመጣችውን፣ የማታውቃትን ዓይናለምን አንገቷን አንቃ ሳመቻት።

ሕክምናውም ምስክርነቱም አልቆ፣ ከፋሲካ በኋላ ፈይሰልና ጓደኞቹ ወደ አገር ቤት ተሸኙ። ከባሕር ዳር በወረታ አድርገው፣ ዓለም በርን አልፈው ሲመጡ፣ ደብረ ታቦር መግቢያ ላይ የተጠበቁት በሕዝብ ነው። ቄሱም ሼኩም ቆመዋል። ሐሊማ ልጇን ስታይ አልሮጠችም፤ እጆቿን ዘርግታ ጠበቀችው። ፈይሰል ነው ሮጦ የደረሰባት። ሰው ሁሉ ዞሮ አለቀሰ።

በዚያ ቀን ሐሊማ ግቢ ሁለት በግ ታረደ፤ አንዱ በእስላም፣ አንዱ በክርስቲያን ቢላ። ማሲንቆ ተመታ። አቶ ይሻው ወደ መካከል ሲገቡ ሰው «ጋሼ፣ እግርዎ!» ቢላቸው፣ «እስክስታ የትከሻ ነው እንጂ የእግር ነው ያለህ ማነው?» ብለው ወረዱት። እሳቸውን እንደዚያ ሲጫወቱ ያየ የለም።

ዓይናለም በሩ ላይ ቆማ ነበር። አቶ ይሻው ላባቸውን እየጠረጉ መጥተው ፊቷ ቆሙ። አቅፈው ይስሟታል ብሎ ሰው ይጠብቃል። እሳቸው ግን የኮቷን ትከሻ በሁለት ጣታቸው ያዙ።

«ይህን ማን ነው የሰፋው?»

«ገዝቼው ነው፣ አባባ።»

«እጅጌው ተጣሟል። አውልቂው፣ ላስተካክለው።»

ኮቱን አውልቃ ስትሰጣቸው አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉት። ያን ጊዜ ነው ያቀፏት።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ እጅጌውን እየፈቱ ጠየቋት። «ልጄ፣ አሁን የሠራሽው ደግ ነው። ይህን የምታዩበትን ዓይን ነገ ወደ እኛ ወደ ሰላማዊው ሰው ቢያዞሩትስ?»

«ያን ቀን እዚህ በረንዳ ላይ አጠገብዎ ቁልፍ ስተክል ያገኙኛል።»

«ቁልፍ መትከል ታውቂያለሽ?»

«እርስዎ ያስተምሩኛላ።»

አቶ ይሻው ሳቁ። ሳቃቸውን ሐሊማ ከሱቋ ውስጥ ሰምታ ብቅ አለች።

የሁለተኛው ሕንፃ በር የተከፈተው በግንቦት ነው። ፍቅርተ ከወጡት አንዷ ነበረች። ዓይናለም ራሷ ይዛት ወደ ጉና ወጣች። የመኪናው መንገድ ሲያልቅ በቅሎ ቀርቦ ነበር፤ ፍቅርተ ግን «በእግሬ ልሂድ፤ አገሬን ልርገጥ» አለች። ገና ተዳፋቱ ሲጀምር ሰው ከየቤቱ ወጣ። ጎበዛዝቱ ጠመንጃ ሊያነሡ ሲሉ ሽማግሌዎቹ «ተኩስ ይቅር፣ ጥይት ሰልችቶናል፤ እልልታ ይበቃል» አሉ። እልልታውም በጉሙ ውስጥ ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው እየተቀባበለ ሄደ።

ፈንታነሽ ልጇን አቅፋ ፊቷን በእጇ ደባበሰች፤ ፀጉሯን ደባበሰች። ከዚያ ወደ ዓይናለም ዞራ፣ «እናንተ ድሮ ስትመጡ ልጅ ትወስዱ ነበር። ዛሬ ይዛችሁ መጣችሁ» አለች። ቀጥላም የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረበችላት፤ እስክትጠግብም ቆማ አስበላቻት።

ዓይናለም ስትወርድ ፍቅርተ እስከ ገብሱ ማሳ ሸኘቻት። እዚያ የተቀመጡ ሁለት እናቶች፣ ከሌላ ቀበሌ የመጡ፣ ብድግ አሉ። ስልካቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ማንም አላስገደዳቸውም፤ አላባበላቸውም። ዓይናለም ገብሱ ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጠችና፣ «ከመጀመሪያው ንገሩኝ» አለቻቸው።